በአንድ እፍኝ አደስ የተመለሱ ሽማግሌዎች

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን በከሚሴ ገበያ ሳልፍ ከኋላዬ የሚወራው ጆሮዬ ይገባል። «ለቅጠል ብላ ደመወዝተኛ አማች የመለሰች» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ነገሩን የማልረሳው በራሴ ላይ የደረሰ ስላለ አይደለም፤ እኔን ማንም አልነካኝም። የማልረሳው አንድ ሰው የሚያውቃትን አንዲት ቃል ከአፉ ቢያወጣ ኖሮ ሌላው ሰው እንደማይታሰር በዓይኔ ስላየሁ ነው። ቃሏም ረጅም አልነበረችም።

ሀዋ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ባልዲ፣ ጆግና ሳፋ እየሸጥኩ ነው አንድ ልጄን ረሕመትን ያሳደግኩት። ሱቄ ለመናኸሪያው በር ቅርብ ስለሆነች ፖሊስ መንገደኛ ሲፈትሽ ለደረጃ ምስክርነት የሚጠራው እኔን ነው። የደረጃ ምስክር ማለት ፍተሻውን ቆሞ የሚያይና «ይህ ዕቃ ከዚህ ሰው ላይ ሲገኝ አይቻለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ሌላው ነጋዴ ፖሊስ ሲመጣ ሲያይ ያለ ሰዓቱ ሶላት ይቆማል። እኔ ግን እሄዳለሁ። ዓይን የተሰጠኝ ላይበት ነው።

በዚያን ሰሞን ኮንስታብል ኑሩ የሚባል ልጅ ሱቄ በር ላይ ማዘውተር ጀምሮ ነበር። ባልዲ አይገዛ፣ ጆግ አይገዛ። «እትዬ ሀዋ፣ እንዴት አደሩ?» ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ረሕመትን ይፈልጋል። ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚለው ወሬም ደርሶኛል። አልጠላሁትም። ረሕመትም አልጠላችውም፤ ስልክ ይደዋወሉ ነበር። የከሚሴ ልጅ ነው፣ ሶላቱን ይሰግዳል፣ ደመወዝ አለው። እናቱ ዘምዘም ደግሞ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ናት። ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ከቅቤዋ ጎን ሁልጊዜ የደረቀ አደስ በሰፌድ ዘርግታ ትሸጣለች። ኑሩን አሳድጋ ያስተማረችው በዚያ ነው። ይህን ያዙልኝ።

አደስን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ቅጠል ነው። ደርቆ ይወቀጣል፣ ከቅቤ ጋር ይለወሳል፣ የሙሽራና የአራስ ራስ ይቀባል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል። በእኛ አገር አደስ ያልተቀባች ሴት የለችም፤ ከሴት ተወልዶ አደስ ያላሸተተ ወንድም የለም።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ ከጨፋ ሮቢት የመጣ ሚኒባስ ሱቄ በር ላይ ሰው አራገፈ። ከወረዱት አንዱ ረዘም ያለ ቀጭን ገበሬ ነው፤ ጣሂር እንደሚባል በኋላ ነው ያወቅኩት። ጎፈሬውን በቅቤ አውዝቶ ሚዶ ሰክቶበታል። በአንድ እጁ ክዳን ያለው የቅቤ ዕቃ ይዟል፤ በብብቱ ደግሞ ጥቁር ፌስታል አቅፏል።

መናኸሪያው በር ላይ ኑሩና አንድ ሳጅን ቆመው ነበር። የሳጅኑን ስም አልጠራም። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም። ስለ አደንዛዥ ዕፅ ስልጠና ወስዷል አሉ፤ ከስልጠናው ወዲህ አረንጓዴ ነገር ባየ ቁጥር ልቡ የሚቆም ሰው ሆኗል። ባለፈው ሰሞን የአንዲት ምስኪን ጤና አዳም እያገላበጠ ሲመረምር አይቼ ስቄበታለሁ። ሳቄን ቶሎ ጨርሼው ኖሯል።

ሳጅኑ ጣሂርን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ቁም!» አለው። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ወርዷል፤ የቆመው እሱ ብቻ ነው።

«ምን ይዘሃል?»

«ቅቤ ነው። እህቴ ወልዳ።»

«እሱን አይደለም። በብብትህ ያቀፍከውን።»

«አደስ ነው፣ ወንድሜ። ለአራስ።»

ሳጅኑ ፌስታሉን ነጠቀው። ከዚያ ወደ ሱቄ ዞሮ እጁን አወዛወዘ። አንድ የባጃጅ ሹፌርም ጠራ። ሁለታችን የደረጃ ምስክር ሆነን ቆምን።

ፌስታሉ ሲፈታ ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። እንዴት ያለ መልካም አደስ መሰላችሁ! ገና አዲስ የተወቀጠ ነው። ሳጅኑ አፍንጫውን ፌስታሉ ውስጥ ነክሮ ሳበ፣ ደገመና ሳበ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? ቀና ሲል አፍንጫው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተለጥፎበታል። በዚያ አፍንጫው ነው «ካናቢስ!» ያለው።

ጣሂር ደነገጠ። «ማል ጎዼ፣ ያ ረቢ! ምን አደረግኩ? አደስ ነው እኮ!» አለ።

«አደስ ነው!» አልኩ እኔም። ከሚኒባሱ የወረዱ ሴቶችም «አደስ ነው፣ አደስ ነው» አሉ።

ሳጅኑ በዚህ ፈገግ አለ። ስልጠና ላይ ተነግሮታል ለካ። «ይታወቃል፣ የሚግባቡበት የራሳቸው ስም አላቸው» አለ። እኛ አደስ ባልን ቁጥር እሱ ጋ ጥርጣሬው ይበረታል። ምን ይባላል እንግዲህ! የገበያው ሴት በሙሉ ተነስታ ብትምል የገበያው ሴት በሙሉ ግብረ አበር ልትሆን ነው። ሊታመን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አጠገቡ ቆሟል፤ የለበሱት የደንብ ልብስ አንድ ነው።

ኑሩን አየሁት። ኑሩ ጫማውን አየ።

የሳጅኑ ብልሃት በዚህ አላበቃም። ቅቤው ውስጥም የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ ሽቦ አስመጣ። የአራስ ቅቤ በሽቦ ሲወጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወጋው፣ ወጋው፣ ቅቤ ብቻ ሆነበት። ያም ሆኖ ቅቤውን አልመለሰም፤ ኤግዚቢት ነው አለ። ጣሂርን በካቴና አስረው፣ ፌስታሉንና ቅቤውን ይዘው ጣቢያ ገቡ። እኛም ለፊርማ ተከተልን።

መንገድ ላይ ጣሂር የነገረኝ ይህን ነው። እህቱ መዲና ከሚሴ ነው የምትኖረው። ባሏ አረብ አገር ነው። ወንድ ልጅ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሰባተኛው ቀን ላይ አቂቃ አለ፤ በጉን የሚያርደውና ለልጁ ስም የሚያወጣለት፣ አባትየው ስለሌለ፣ ጣሂር ነው። «እስከዚያ ይለቁኛል አይደል፣ እማ?» አለኝ። ምን ልበለው? «ኢንሻአላህ» አልኩት። ልቤ ግን ኑሩ ላይ ነበር። ውስጥ ሲገቡ፣ ሰው በሌለበት፣ ለአለቃው ቀስ ብሎ ይነግረዋል ብዬ ነበር።

ጣቢያ ስንገባ ሳጅኑ ምርመራ ላድርግ አለ። ምርመራ ያለውን ነገር ስሙልኝ። ቅጠሉን ቆንጥሮ ቆርቆሮ ላይ አደረገና ክብሪት ለኮሰበት። ጭሱ ክፍሉን ሞላው። እሱና ኑሩ ጭሱ ላይ አንገታቸውን አስግገው ቆሙ። እኔና ባለባጃጁ በር ላይ ሆነን እናያለን። ባለባጃጁ ሳቁን ለመያዝ አፉን በእጁ አፍኗል።

ሳጅኑ ጥቂት ቆየና «ራስህን አልከበደህም?» አለው ኑሩን።

እንግዲህ ይህ ልጅ የተወለደው አደስ ከሚሸተው ጭን ላይ ነው። የጠባው አደስ ከሚሸተው ደረት ነው። ደብተሩ የተገዛለት በአደስ ነው። አሁን ይናገራል ብዬ አፉን አፉን አየሁ።

«ትንሽ ከበድ አድርጎኛል» አለ ኑሩ።

ወላሂ ያን ጊዜ ያፈርኩት እኔ ነኝ። እሱማ አላፈረም። ግንባሩን በጣቱ አሸት አሸት እያደረገ የከበደው ሰው መስሎ ቆመ።

ባለባጃጁ ሥራ ፈታሁ ብሎ የሰጡትን ፈርሞ ወጣ። ተራው የእኔ ሆነ። ወረቀቱ ላይ «ካናቢስ የተባለ አደንዛዥ ዕፅ ሲያዝ አይቻለሁ» ተብሎ ተጽፏል። አልፈርምም አልኩ። አደስ ብላችሁ ጻፉና ልፈርም፤ ካልሆነም ቅጠል በሉት፣ ቅጠል መሆኑን አይቻለሁ አልኳቸው።

«እናት፣ የእርስዎ ድርሻ ያዩትን መመስከር ነው። ምንነቱን የምንለየው እኛ ነን» አለ ሳጅኑ።

«ያየሁት አደስ ነው። ያላየሁትን አልፈርምም።»

«ምርመራ ማደናቀፍ ያስጠይቃል።»

«ያስጠይቀኛ። ኑሩ! አንተ ልጅ፣ ንገረው እንጂ! የእናትህን ሰፌድ ረሳኸው?»

ኑሩ እንደዚያ ቀልቶ አይቼው አላውቅም። ግን የቀላው ለጣሂር አይደለም፤ አለቃው ፊት ስሙን ስለጠራሁት ነው። «እትዬ ሀዋ፣ ይህ የሴት ነገር ነው። እኔ ምን አውቃለሁ? በምርመራ ይጣራል» አለኝ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ሳልፈርም ወጣሁ። በእኔ ቦታ አንድ መንገደኛ ጠርተው አስፈረሙ፤ ፍተሻው ሲደረግ ያልነበረ ሰው ነው። ስወጣ የጣሂር ቅቤ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ክዳኑን አልገጠሙትም፤ ቀልጦ በጎኑ ይወርዳል። የጠባቂዎቹ ጫማ ሥር ድረስ ሄዷል። አራስ ሊቀባ የነበረ ቅቤ የፖሊስ ጣቢያ ደረጃ ቀባ።

ቤቴ ገብቼ ለረሕመት የሠርግ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩትን አደስ አወጣሁ። ግማሹን በጨርቅ ቋጠርኩ፣ ቅቤም ጨመርኩና ረሕመትን ይዤ የመዲናን ቤት እያጠያየቅን ሄድን። መዲና ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። ገና ሳንቀመጥ «ጣሂርስ?» አለችን። ነገርናት። መጀመሪያ ሳቀች፤ የምንቀልድ መስሏት። ሲገባት ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችና «እንግዲያው ወንድሜ እስኪመጣ ልጄ ስም የለውም» አለች። ጎረቤቶቿ ሌላ ሰው ይረድልሽ ቢሏት እምቢ አለች። ረሕመት ራሷን ቀባቻት። እኔ ውሃ አሞቅኩ።

ማታ ረሕመት ኑሩ ጋ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። ቅጠሉን ታውቀው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ድምፁ እኔ ጋ ይሰማል። ሳቀ። «እንዴት አላውቀውም! ግን ሳጅኑን ሰው ፊት ላዋርደው ነው? አዲስ ሰው ነው። ልጁ እንደሆነ ውሎ አድሮ መለቀቁ አይቀርም፣ ምን ያካብዳል» አላት። ረሕመት ስልኩን ዘጋችው። «መሳቁ ነው ያስጠላኝ» አለችኝና ተኛች።

በነጋታው ወሬው ገበያ ገባ። አደስ የያዘ ይታሰራል ተባለ። አደስ የሚሸጡ ሴቶች ሁሉ ሰፌዳቸውን አነሱ። ከአባቶቻችን ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ ሲሸጥ የኖረ ቅጠል ነጠላ ሥር ገባ። ዘምዘምን ሳያት እሷም ደብቃለች። ከልጇ ደበቀች ማለት ነው።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም ሳልናገር «ሰምቻለሁ» አለችኝ። ጣቢያ አብረሽኝ ሂጂና ተናገሪ ልላት ነበር። እሷ ቀደመችኝ። «ሀዋ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ልጄን ከሥራው አታስወጪብኝ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሷን መናቅ አልቻልኩም፤ እናት ናት። ተነስቼ ሄድኩ።

ጣሂር ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ፖሊስ የምርመራ ጊዜ ጠየቀ፤ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ይታሰርልን አለ። ዳኛው ወጣት ነው። ፌስታሉ ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ታሽጎም ይሸታል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ይሳሳቃሉ።

«ፌስታሉን ከመክፈታችሁ በፊት በምን ጠረጠራችሁት?» አለ ዳኛው።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳጅኑ ደረቱን ነፍቶ መለሰ። ጸጉሩ አጠራጣሪ ነው አለ። ዓይኑ ቀልቷል አለ። ፌስታሉን አጥብቆ አቅፏል፣ ፖሊስ ሲያይም አንገቱን ደፍቷል አለ። እኔ ተቀምጬ ተቃጠልኩ። ጸጉር ካሳሰረ የጨፋን ጎረምሳ በሙሉ የሚይዝ እስር ቤት ከየት ሊመጣ ነው? ዓይኑ የቀላው ከሮቢት እስከ ከሚሴ መስኮት ጎን ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ስለመጣ ነው። ያቀፈው የአራስ እህቱን ዕቃ ነው። ጥርጣሬ ማለት ይህ ከሆነ የሚያስጠረጥረው ገበሬ መሆኑ ነው፤ ይህንኑ በአንድ ቃል ቢሉት ይሻል ነበር።

«ፖሊስ አይቶ አንገቱን የማይደፋ ማን አለ?» አለ ዳኛው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወደ ኑሩ ዞረ።

«አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ?»

«ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ይህን ቅጠል ታውቀዋለህ?»

ጣሂር ቀና ብሎ አየው። ለምኖት አይደለም፤ ዝም ብሎ አየው። ኑሩ ያቺን ቃል ቢላት ጣሂር የዚያኑ ቀን የእህቱ ቤት ይገባ ነበር።

«በሳይንሳዊ ምርመራ የሚጣራ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ።

ዳኛው ፖሊስ የጠየቀውን ቀን አሳጥሮ ፈቀደና ጣሂርን ወደ ማረፊያ ቤት መለሰው። ለዳኛውም ምስጋና የለኝም። ጥያቄው ድንቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ ሰውየውን መልሶ መላኩ ነው የማይገባኝ። መልካም ጥያቄ ጠይቆ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እኔም አያቅተኝም።

የአቂቃው ቀን መጣና አለፈ። በጉ መዲና ደጅ ታስሮ ቅጠል ይበላል። ጎረቤት ሲጠይቅ «ሕፃኑ ማን ተባለ?» ይላል፤ መልስ የለም። ጣቢያ ውስጥ የቅጠል ስም ጠፍቶባቸው ከተማ ውስጥ አንድ ሕፃን ስም ሳያገኝ ሰነበተ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው ጣሂር በሰው ዋስ እንዲወጣ አዘዘ። ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ዘመዱ አይደለሁም፣ ጎረቤቱ አይደለሁም። የጣቢያው ጸሐፊ «ምኑ ነዎት?» ቢለኝ «አደስ የማውቅ ሰው ነኝ» አልኩት። ጣሂር ሲወጣ ጎፈሬውን ላጭተውታል። ራሱን እየዳበሰ ከአጠገቤ ሄደ። በወጣ በሦስተኛው ቀን በጉ ታረደ፤ ልጁም አብዱረህማን ተባለ። ጥሪ ደርሶኝ ሄጄ በላሁ።

አሁን ሽማግሌዎቹ። ረሕመት የኑሩን ስልክ ማንሳት አቁማለች። እሱ ግን ኩርፊያ መስሎታል። የሠራው ነገር ለሱ ምንም አልነበረምና ለሌላውም ምንም አይመስለውም። በነቢዩ ይዣችኋለሁ፣ ሰው ካሳሰረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ላከ! አጎቱ ሼህ እንድሪስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። የረሕመትን አባት ቦታ ይዞ የተቀበላቸው ወንድሜ ሰይድ ነው። ለሰይድ ሁሉንም አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ረሕመትንም ጠይቄያታለሁ። «አንቺ ተናገሪላቸው፣ እኔ ከተናገርኩ እሳደባለሁ» ብላኛለች።

ዱዓ ተደረገ። ሼህ እንድሪስ ልጃቸውን አመሰገኑ፣ ትዕግሥቱን አነሱ፣ ሰው አክባሪነቱን አነሱ። ሲጨርሱ ሰይድ «እህቴ የምታቀርበው አላት» አለ።

ከጓዳ ወጣሁ። የተረፈውን የረሕመትን አደስ በሳህን ይዣለሁ። ሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጥኩት።

«ሼህ እንድሪስ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ሰውየው ቆንጠር አድርገው አሸተቱ። ፊታቸው በራ። «አደስ ነዋ! ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! የሙሽራዋን አደስ አስቀድማችሁ አሰናድታችኋላ!» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተቀባብለው አሸተቱ። እሺታ መስሏቸው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። አንደኛው «አላህ ያፋቅራቸው» ማለት ጀምሯል።

«ቆዩ» አልኳቸው። «ሦስታችሁም ወንዶች ናችሁ፤ ዓይናችሁም ደክሟል። ሦስታችሁም አውቃችሁታል። የእናንተ ልጅ ግን አላወቀውም። ሰው ታስሮበት፣ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ በምርመራ ይጣራል አለ። ጭሱንም አሽትቶ ራሴን ከበደኝ አለ።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«አለቃው ቅጠሉን ሌላ ነው ሲለው ሌላ ነው ያለ ሰው፣ ነገ አለቃው ልጄን ሌባ ናት ቢለው ምን ይለኛል? በምርመራ ይጣራል ነው የሚለኝ። ልጄን ይጣራል ለሚል ሰው አልሰጥም። ያወቀውን አውቃለሁ ለሚል ነው የምሰጣት።»

ሼህ እንድሪስ ሳህኑን አዩት። የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ሀዋ፣ ልጁ እኮ እንጀራው ሆኖበት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ዘምዘምም አደስ መሸጥ እንጀራዋ ነበር» አልኳቸው።

ሦስቱም ተነሱ። ሰይድ እስከ በር ሸኛቸው።

የቅጠሉ ውጤት ከአዲስ አበባ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ «አደንዛዥ ንጥረ ነገር አልተገኘበትም» ይላል አሉ። መዝገቡ ተዘጋ። ጣሂርን ይቅርታ የጠየቀው የለም። ስለ ቅቤው ያነሳም የለም። ሳጅኑ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ እዚያ ያለውን ቅጠል አላህ ይጠብቀው። እውነት ለመናገር ሳጅኑን እስቅበታለሁ እንጂ አልንቀውም። አላዋቂ ነው፤ አላዋቂ ሊማር ይችላል። አውቆ ለማያውቅ ግን ትምህርት ቤት አልተሠራለትም። ኑሩን እንቃለሁ፤ ዛሬም እንቃለሁ፤ ቂም አይደለም፣ ቂም ለሚመጥን ሰው ነው የሚያዘው። ረሕመት ሌላ ሰው አግብታ ኮምቦልቻ ትኖራለች። የተቀባችው ያንኑ አደስ ነው።

ኑሩም አግብቷል። ባለፈው ወር ሱቄ በር ላይ ሲያልፍ አየሁት። የደንብ ልብሱን ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ማዕረግ ተጨምሮለታል። ሚስቱ እንደወለደች ሰምቼ ነበር። በብብቱ ጥቁር ፌስታል አቅፏል። ከፊቴ ሲደርስ ሽታው ቀደመው።

«እንኳን ማርያ—» አልልም፣ እስላም ነኝ፤ «መብሩክ» አልኩት። ቀጥዬም «ኑሩ፣ የያዝከው ምንድን ነው?» አልኩት።

ቆመ። ጫማውን አየ።

«አደስ ነው፣ እትዬ ሀዋ» አለ።

ያቺ ቃል በመጨረሻ ወጣች። ስሰማት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም። እሱም ፌስታሉን አጥብቆ አቀፈና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመው ነበር። በመካከላቸው አለፈ፤ ማንም አላስቆመውም።